ሽቅብ የወጣ ቁጥር

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቡ፣ ግቡ።»

ዳባት ወረዳ ውስጥ የልጆች መዝገብ የሚጀምረው ከዚህ ሰላምታ ነው። መረጃ ሰብሳቢዋ ውሻው ተይዞላት ትገባና መደብ ላይ ትቀመጣለች። የከብቱንና የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቃ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ካለፈው ጉብኝት ወዲህ በዚህ ቤት የተወለደ አለ? የሞተስ? ያገባ፣ የፈታ፣ አገር ለቆ የሄደ፣ ከሌላ ቦታ የገባ? ያረገዘች አለች? ከስድስት ወር በኋላ ተመልሳ ያንኑ ደጃፍ ትረግጣለች፤ ያንኑ ትጠይቃለች።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ከባዱ ቀላል የሚመስለው ነው። ልጁ መቼ ተወለደ?

«ለሚካኤል ማግስት ነው።»

«የትኛው ሚካኤል፣ እታለም? የኅዳሩ ነው የሰኔው?»

«የሰኔው እንጂ! ገብስ እየተዘራ ነበር፤ አባቱን ከእርሻ ነው የጠራነው።»

«ዓምና ነው ካቻምና?»

እዚህ ላይ እናትየዋ ዝም ትላለች፤ ጎረቤት ይጠራል፤ የማን ሰርግ በዚያ ዓመት እንደነበር፣ የማን በሬ እንደሞተ ይነሣል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንዲት ቀን ነው? አዎ፣ ለአንዲት ቀን ነው። ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወንድ ልጅ እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሰንጠረዥ እንደሚለው ዕድሜው 20 ወር ከሆነ ደኅና ነው፤ የመቀንጨር ወሰኑ 78.6 ሴንቲ ሜትር ነውና ያልፈዋል። 24 ወር ከሆነ ግን ወሰኑ 81 ነው፤ ስለዚህ ያው ልጅ፣ በዚያው ቁመቱ፣ ቀንጭሯል። ልዩነቱ አራት ወር ብቻ ነው። በኅዳር ሚካኤልና በሰኔ ሚካኤል መካከል ደግሞ ሰባት ወር አለ። መረጃ ሰብሳቢዋ ቀኑን በግምት ሞልታ ብታልፍ፣ ከዚያ በላይ የሚሠራው ስሌት ሁሉ፣ ጎንደርም ይሠራ አዲስ አበባ፣ ያቺን ግምት ተሸክሞ ይዞራል።

የልደት ወረቀት ቢኖር ይህ ጣጣ ባልመጣ ነበር። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጣ፤ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ግን በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያው ዓመት ከክረምቱ በፊት የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ልደታቸው የተመዘገበላቸውን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ሲቆጥር ከመቶ ሦስት አገኘ። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ የሚታወቁት በአብዛኛው በእናታቸው ትዝታ ነበር ማለት ነው።

ዳባት በዚህ ረገድ ከብዙ ወረዳዎች ቀድሟል፤ ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ በወባ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ከዚያ ወረርሽኝ ማግስት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው ወደ ገጠር ወጥተው መማር ልማዳቸው ሆነ። የዚያ ኮሌጅ ወራሽ የነበረው የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በ1989 ዓ.ም. ዳባት ላይ የመጀመሪያውን ቆጠራ አካሄደ። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዳባት የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ መነሻው ይህ ነው። በአገራችን ከእርሱ የሚቀድመው በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው የቡታጅራው ነው።

የጣቢያው አሠራር ብልሃት ቀበሌዎቹ ሲመረጡ ይታያል። ዳባት አንድ አገር አይደለም። የወረዳው ዝቅተኛ ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍተኛው 2,500 ሜትርን ያልፋል። ላይኛው ገብስና ድንች፣ ታችኛው ማሽላና ሰሊጥ ነው። የላይኛውን ልጅ ብርድና የሳንባ ምች ይፈትነዋል፤ የታችኛውን ወባ። ስለዚህ ቀበሌዎቹ ከደጋም፣ ከወይና ደጋም፣ ከቆላም እንዲሆኑ ተደረገ። ይህን ባያደርጉ ኖሮ የሚያገኙት አማካይ ቁጥር ብቻ ነበር፤ አማካይ ደግሞ ለሁለቱም ልጆች የማይስማማ ልብስ ነው።

የአገር አቀፉ ጥናት ለአንድ ወረዳ ብዙ የማይነግረውም ለዚህ ነው። በ2008ቱ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች 38 ከመቶው የቀነጨሩ ሲሆኑ፣ በአማራ ክልል 46 ከመቶ ደረሰ፤ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። አስደንጋጭና ጠቃሚ ቁጥር ነው። ነገር ግን ጥናቱ በመላ አገሪቱ የጎበኘው 645 የቆጠራ ቦታዎችን ነው፤ የወረዳዎቹ ቁጥር ከዚያ ይበልጣል። የዳባት ጎረቤት የሆነው የደባርቅ ወረዳ አስተዳዳሪ ያንን 46 ይዞ ምን ያደርግበታል? የትኛው ቀበሌ ምግብ እንዳነሰው፣ የትኛው ንጹሕ ውኃ እንዳጣ አይነግረውም።

በየቀበሌው ያለውን የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ፕሮግራሙ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው በአብዛኛው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሰማርቷል። በልጁ ግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻውና በክርኑ መካከል፣ ሙአክ የሚሉትን ባለ ሦስት ቀለም ቴፕ ይጠመጥማሉ። ቴፑ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፤ ከዚያ በላይ አረንጓዴ። ቀዩ ላይ የወደቀ ልጅ በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልገዋል። ቴፑን ለማንበብ ፊደል መቁጠር አያሻም፤ እናትየዋም ቀለሙን ታያለች፤ ፊቷ የሚለወጠው ባለሙያዋ ሳትናገር ነው።

ከዚህ በኋላ ቀለሙ ቁጥር ይሆናል። የጤና ተቋማት ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 ነው፤ የኅዳር ሪፖርት ማለት ከጥቅምት 21 እስከ ኅዳር 20 ያለው ነው። ቁጥሩ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ ይወጣል፤ እዚያ ወይም ከዚያ በፊት ዲኤችአይኤስ ቱ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ ይገባል። ሥርዓቱ መነሻው ኖርዌይ፣ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በራሳችን ዘመን አቆጣጠር እንዲቆጥር ተደርጓል። ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ደባርቅ ላይ የገባው ቁጥር ዞን ላይም፣ ባሕር ዳርም፣ አዲስ አበባም ይታያል።

ታዲያ ይህ ሁሉ መውጣት ነው። ሲወርድስ?

በዚህ ሥራ ላይ የቆዩ ሰዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይሰማሉ፤ «ባለፈውም ጽፈሽ ነበር፤ ያ ምን ሆነ?» ጠያቂዋ እናት ናት። ልጇን አስለክታለች፣ የሞተባትን ተናግራለች፣ ግማሽ ቀን ሥራ ፈትታለች። ጥያቄዋ የነቀፋ ብቻ አይደለም፤ የባለቤትነት ነው። እኔም ይህን ምዕራፍ የምጽፈው ጥያቄዋ ተገቢ መልስ እንዳለው ስለማምን ነው።

የዳባት ጣቢያ ኢንዴፕዝ የሚባለው፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አክራ የነበረው፣ በአፍሪካና በእስያ ያሉ መሰል ጣቢያዎች መረብ አባል ሆኖ ሠርቷል። መረቡ በ2013 እ.ኤ.አ. የአባል ጣቢያዎችን መረጃ ስም እየተወገደለት በኢንተርኔት የሚያቀርብበትን ቋት ከፈተ። ጥሩ ሥራ ነው፤ ከዚያ በፊት ተመራማሪ ሁሉ የየራሱን መረጃ በየኮምፒውተሩ ቆልፎ ይሞት ነበር። ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናትም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ልጆችን፣ አማራ ክልል ውስጥ ያሉትን ጨምሮ፣ ከልጅነት እስከ ጉልምስና ተከትሎ መረጃውን ለተመራማሪ ሁሉ ክፍት አድርጓል። ነገር ግን እነዚህን ቋቶች የሚከፍታቸው ማን ነው? ሎንዶን ያለ ተማሪ ይከፍታቸዋል፤ የወረዳው ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አይከፍታቸውም። ቋንቋው እንግሊዝኛ፣ ፋይሉ በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚነበብ፣ ጊዜውም ካለፈ በኋላ ነው። መረጃው ክፍት ቢሆንም በሩ የተከፈተው በሌላ በኩል ነው።

ወረዳው ያንን መረጃ ምን ያህል እንደሚፈልገው ለማየት የክትባት ሪፖርትን መመልከት ይበቃል። ሽፋን የሚባለው የተከተቡት ልጆች ለመከተብ ለሚገባቸው ሲካፈሉ የሚገኘው ነው። የተከተቡት ይታወቃሉ፤ ብልቃጡ አለ፣ መዝገቡ አለ። የሚገባቸው ስንት ናቸው? ይህ የሚገኘው ከሕዝብ ቆጠራ ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ዳባት ወደ 145 ሺህ ሕዝብ ነበረው። ቀጣዩ ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሞ እስካሁን አልተካሄደም። ስለዚህ የዛሬ ሕፃናት የሚሰሉት የያኔው ሕዝብ በየዓመቱ በአንድ ማባዣ እየተባዛ ነው። ስሌቱ ከተማው እንዳደገ፣ ቀበሌው እንደተፈናቀለ፣ ወጣቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና መተማ እንደወረደ አያውቅም።

አንድ ቀበሌ እንበል። በስሌት 100 ሕፃናት አሉት ተባለ፤ በእውነት ያሉት 130 ናቸው። መቶ ልጅ ተከተበ። ሪፖርቱ «መቶ በመቶ» ይላል፤ ይጨበጨባል። ሠላሳው ልጅ የት ነው? የትም የለም፤ በወረቀት ላይ አልተወለደም። በሌላው ቀበሌ ደግሞ ስሌቱ ከእውነቱ በልጦ፣ ባለሙያዋ ደጃፍ ለደጃፍ ዞራ ሁሉንም ከትባ ሳለ «ሰማንያ ከመቶ» ተብላ ትወቀሳለች። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ሪፖርት ማድረግም በአገራችን የተለመደ ነገር ነው፤ የጤና ባለሙያዎች ሁሉ ያውቁታል። በአንጻሩ የዳባት ክትትል ቀበሌዎች ቤት ለቤት የተቆጠረ እውነተኛ የሕፃናት ቁጥር አላቸው። ያንን ቁጥር ከወረዳው ሪፖርት ጎን ማስቀመጥ ትልቅ ቴክኖሎጂ አይጠይቅም፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃዋል። የሚጠይቀው ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እንዲነጋገሩ ነው።

ሞትም እንዲሁ ነው። ሐኪም ሳያየው ቤቱ ውስጥ የሞተ ሕፃን የሞቱ ምክንያት የሚታወቀው በቃል ነው። ሐዘኑ ጥቂት ሲበርድ ጠያቂዋ ከእናትየው አጠገብ ትቀመጣለች። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር? ጡት መጥባት ያቆመው መቼ ነው? መልሱን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻቸው ያነቡታል፤ ካልተስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። ከዚህ በላይ ውድ መረጃ አላውቅም። የተከፈለበት በእናት እንባ ነው። በአንድ ሸለቆ ያሉ ሕፃናት በአንድ ዓይነት በሽታ መሞታቸውን ከዚህ ማወቅ ይቻላል፤ ይህን ወሬ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ከሦስት ዓመት በኋላ በመጽሔት ማንበብ የለበትም፤ በወሩ መስማት አለበት።

ጊዜውን አጥብቄ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚብተው ሐምሌ 1 ነው። የወረዳ ዕቅድ ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ይሰናዳል፤ ምክር ቤቱም ያጸድቃል። ጥር ላይ የደረሰ ቁጥር ለክርክር ይሆናል፤ ነሐሴ ላይ የደረሰ ግን ለመደርደሪያ። ለአንድ ጤና ኬላ የውኃ ታንከር ይገዛ ወይስ ለሌላው መንገድ ይጠረግ የሚለው ክርክር በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ነው የሚወሰነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ሲያውጅ፣ መቀንጨርን በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ሲነሣ፣ ግብርናውም ውኃውም ትምህርቱም ጤናውም አንድ መረጃ እያዩ እንዲያቅዱ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ልጅ የሚቀነጭረው በምግብ እጦት ብቻ አይደለምና፤ በተቅማጥም፣ በእናቱ ድካምም፣ ያለ ዕድሜዋ በመዳሯም ነው።

ወደ አደጋው ልምጣ። የልጅ መረጃ በኢንተርኔት ይውጣ ስንል ስሙ ይጥፋ እንላለን፤ ስም ማጥፋት ግን አይበቃም። በአንድ ትንሽ ቀበሌ «የሰባት ዓመት፣ መስማት የተሳነው፣ እናቱ የሞተችበት ወንድ ልጅ» ካልን ስሙን መጥራት ምን ያስፈልጋል? አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሕፃን፣ ተደፍራ የወለደች ልጅ፣ በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ውስጥ ራቁታቸውን ይቆማሉ። ስለዚህ ጥንቁቅ መሥሪያ ቤቶች ከጥቂት ልጆች በታች የሆነን ቁጥር ባዶ ይተዉታል፤ ወይም ቀበሌዎችን ደርበው ያቀርባሉ። ያንግ ላይቭስ የመንደሮቹን እውነተኛ ስም ሸሽጎ ሌላ ስም የሰጣቸው ለዚህ ነው።

አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብ ጥናት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። የጎበኘውን መንደር በካርታ ላይ ሲያስቀምጥ ነጥቡን ሆን ብሎ ከቦታው ያነሣዋል፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5፣ ከገጠሮቹም ከመቶ አንዱን እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ማንም መንደሩን እንዳያገኘው ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ይህን ዘዴ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ሆነን እናስበው። ከደባርቅ ወጥተን ቁልቁል ወደ ዛሪማ ስንመለከት ከእግራችን ሥር ያለው አገር በአየር ሲለካ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ ከብርድ ወደ ሙቀት፣ ከገብስ ወደ ማሽላ ያወርደናል። እዚህ አምስት ኪሎ ሜትር የተነቀነቀ ነጥብ የደጋውን ልጅ ቆላ ሊያወርደው ይችላል። ሜዳማ አገር ላይ ጉዳት የሌለው ጥንቃቄ ስሜን ተራሮች ግርጌ መረጃውን ያጣምመዋል። ለዚህ አገር የሚሻለው ነጥቡን በርቀት ብቻ ሳይሆን በከፍታም ገድቦ ማንቀሳቀስ፣ ወይም ከካርታው ይልቅ «ደጋ»፣ «ወይና ደጋ»፣ «ቆላ» ብሎ መጻፍ ነው። አባቶቻችን መሬቱን የከፈሉት በዚያ ነው፤ በሽታውም የሚከተለው ያንኑ ነው።

ሕጉም መጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን የበለጠ ጥበቃ ከሚያሻቸው ተርታ አስቀምጦታል። አዋጁ ለወረዳ ባለሙያ የሥራ ልብስ ሊሆነው ይገባል፤ ፍርሃት ሆኖበት መዝገቡን ሁሉ ቆልፎ እንዲቀመጥ ማድረግ የለበትም። ድምር ቁጥር፣ ስም የሌለው፣ ለይቶ የማያሳይ ከሆነ፣ የሕዝብ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰላም ካለ፣ መስመሩም ካለ ነው። በነሐሴ 2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ገባ፤ በጭና ተክለሃይማኖት ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ። ደባርቅ ከአዲ አርቃይና ከአካባቢው የተፈናቀሉትን አስጠለለች። ዳባት አቅራቢያ አለምዋጭ ላይም ከትግራይ ካምፖች ለወጡ የኤርትራ ስደተኞች ጣቢያ ተቋቋመ። የእነዚህ ሁሉ ልጆች በየትኛው ማባዣ ይሰላሉ? ከዚያም በ2015 መጨረሻ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም ተቋርጦ ቆየ። በእነዚያው ወራት፣ በ2016 መግቢያ፣ ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን ድርቅ መታቸው። ያ ቴፕ ከምንጊዜውም ይልቅ ቀይ የሚያሳይበት ጊዜ ነበር፤ ቁጥሩ የሚሄድበት መንገድ ግን ተዘግቶ ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ቁጥር ሲደርስ ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱን አትጣሉት የምለው። ኦንላይን ያለው መዝገብ ሲጠፋ የሚተካው ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርታና ሰንጠረዥ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በእጃቸው ሥለው የሚሰቅሉት ያ ሰንጠረዥ፣ ስንት ቤት፣ ስንት ነፍሰ ጡር፣ ስንት ሕፃን እንዳለ የሚያሳየው፣ ማንም ሰው ገብቶ ሊያየው የሚችል ነው።

የእናትየዋን ጥያቄ መመለስ የሚቻለውም እዚያው ግድግዳ አጠገብ ይመስለኛል። መረጃው ጎንደር ተጣርቶ፣ ከወረዳው ጋር ተነጻጽሮ፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ሆኖ ሚያዝያ ላይ ይመለስ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሳለ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታንብበው። በዚህ ቀበሌ ባለፈው ዓመት ስንት ልጅ ተወለደ፤ ስንቱ ሦስተኛ ክትባቱን ወሰደ፤ ስንቱ ሳይወስድ ቀረ፤ የቀሩት በአብዛኛው ከወንዙ ማዶ ናቸው ወይስ ከወዲህ። ስም አትጥራ። የማዶው ሰው ስለ ድልድዩ ይናገር፤ ክረምት ሲመጣ ወንዙ እንደማያሻግር፣ ክትባቱ የሚሰጥበት ቀን ከገበያ ቀን ጋር እንደሚጋጭ። ከአዳማጮቹ አንዱ የወረዳው ምክር ቤት አባል ይሁን፤ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይክተተው፤ ግንቦት ላይ የበጀት ስብሰባ አለበት።